ቴክኒሺያኑ ስም አለው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ጋዜጣችሁን የማነበው አንድ ሳምንት ዘግይቼ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ልጅ አለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ጋዜጣ ያመጣላታል። እሷ ስትጨርስ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ደግሞ ለመሪጌታ። ከመሪጌታ በኋላ የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ በርበሬ ሳይጠቀለልበት አይቀርም። ስለዚህ ደብዳቤዬ ወሬው ከበረደ በኋላ ቢደርሳችሁ አትፍረዱብኝ።

ነገሩ ስለዚያ ዩኤችኤፍ ስለሚባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም ነው። መጀመሪያ አንድ የአዲስ አበባ ወንድማችን «ፊልሙ በሙሉ የዋናው ሰውዬ የቀን ህልም ነው» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው እትም አንዲት የባሕር ዳር እህታችን «የለም፣ የፊልሙ ቁልፍ ለማኙ ነው» ብላ መለሰችለት። ሁለቱንም ሻይ እየጠጣሁ አነበብኩ። ጥሩ ጽፈዋል፣ አልዋሽም። ግን ሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሰው ጠፍቷል። ወንድማችን «አንድ ቴክኒሺያን» ብሎ አልፎታል። እህታችን ጭራሽ አላነሳችውም።

እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሠሪ ነኝ። 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ። «አንድ ቴክኒሺያን» ሲባል ይቆጠቁጠኛል። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ፊልሙን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጆርጅ ኒውማን የሚባል ሥራ የማይበረክትለት ወጣት አለ፤ ሐሳቡ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ከበርገር ቤት ከነጓደኛው ይባረራል። አጎቱ ቁማርተኛ ነው፤ ፖከር ሲጫወት አንድ የከሰረ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይበላል። አዎ፣ ጣቢያ በካርታ ይበላል። ቻናል 62 ነው። ለጆርጅ ይሰጠዋል። ጆርጅ ደግሞ ከከተማው ትልቅ ጣቢያ፣ ከቻናል 8፣ ያለ ጥፋቱ የተባረረ ስታንሊ የሚባል የጽዳት ሠራተኛ ይቀጥራል። ስታንሊ መወልወያውን እንደ ልጁ የሚወድ የዋህ ሰው ነው፤ የልጆች ፕሮግራም ሲሰጡት ከተማው ያብድለታል። የቻናል 8 ባለቤት፣ አር ጄ ፍሌቸር፣ ይንገበገባል። አጎትየው በፈረስ ውርርድ 75 ሺህ ዶላር ተበልቶ ጣቢያው ለፍሌቸር ሊሸጥ ሲል፣ ጆርጅ በቀጥታ ስርጭት አክሲዮን እያወጣ ለከተማው ሕዝብ መሸጥ ይጀምራል። መጨረሻውን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከዚህ በታች አበላሽባችኋለሁና ፊልሙን አይታችሁ ተመለሱ።

ፊልሙ አሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1989 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሌሎችን ዘፈን እያስመሰለ በመቀለድ የታወቀው ዊርድ አል ያንኮቪች ከዳይሬክተሩ ከጄይ ሌቪ ጋር ጻፈው፣ ጆርጅንም ራሱ ተጫወተው። የተቀረጸው ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ነው። ሲኒማ ቤት አልቀናውም። ወዳጅ ያፈራው በኋላ በካሴትና በኬብል ነው። እኔ ጋ የደረሰው ደግሞ በእህቴ ልጅ ፍላሽ፣ ከ40 ፊልም ጋር ተጨፍልቆ።

ያየሁት ከመሪጌታ ጋር ነው። መሪጌታ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ መጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እየጠየቁ። አተረጓጎሜ ለእግዜር የተሰጠ ነው፤ ግማሹን ቀልድ ትቼዋለሁ። ዓሣ የተሰቀለበት መንኮራኩር እየዞረ ሰው ዓሣ የሚሸለምበት ጨዋታ ሲመጣ፣ ካራቴ አስተማሪው ነው የሚያጫውተው፣ መሪጌታ ኮስተር ብለው «ይኼ ዓሣ የጾም ነው የፍስክ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ህልሙ።

ወንድማችን የሚለው ባዶ አይደለም። ፊልሙ የሚጀምረው በህልም ነው፤ ጆርጅ ጀብደኛ ሆኖ ዋሻ ውስጥ ሲሮጥ ቆይቶ፣ ሲነቃ በርገር መጥበሻው ፊት ነው። ኋላም ጡንቻው ያበጠ ወታደር ሆኖ ስታንሊን ሲያድን ያልማል። ስለዚህ «ሥራ አጥ ልጅ ጣቢያ አገኘ፣ ታዋቂ ሆነ፣ ፍቅረኛው ተመለሰችለት፣ ባለጋራው ተዋረደ» የሚለው ሁሉ ህልም ቢሆንስ? ያምራል። እኔም መጀመሪያ ወድጄው ነበር። ግን አስተውሉ፣ ፊልሙ ጆርጅ በሚያልምበት ጊዜ ሁሉ ራሱ ይነግረናል። ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል። የህልሙ ደጃፍ ክፍት ነው። ደግሞ ጆርጅ ያላየው ነገር ፊልሙ ውስጥ ሞልቷል። ፍሌቸር ቢሮው ውስጥ ሠራተኞቹን ሲያበሻቅጥ ጆርጅ የለም። ለማኙ ሳንቲም ሲቀበል ጆርጅ የለም። «እሱም የህልሙ ክፍል ነው» ካላችሁኝ፣ እንግዲያው የእኔም ሱቅ ህልም ነው፣ ኪራዩንም የሚጠይቀኝ የለም ማለት ነው።

ስለ ለማኙ ግን እህታችን ልክ ነች። ከልቤ ነው። ፍሌቸር መንገድ ላይ ለማኝ ዝርዝር ሲጠይቀው ለማላገጥ አንዲት ሳንቲም ይሰጠዋል። ያቺ ሳንቲም እ.ኤ.አ. የ1955ቷ ሆና ተገኘች፤ ጽሑፏ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ የታተመባት ናት። ይኼ የፊልም ፈጠራ አይደለም። ፊላደልፊያ ያለው የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ በዚያ ዓመት ተሳስቶ 20 ሺህ ገደማ እንዲህ ያለ ሳንቲም ወደ ገበያ ለቋል፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ ዶላር ነው የሚገዟት። ለማኙ በዚያች ሳንቲም ገንዘብ የመጨረሻውን አክሲዮን ገዝቶ ጣቢያውን ያድነዋል። እህታችን «እግዜር በድሃ አምሳል ሲመጣ» ብላዋለች። የእኔ እናትም ብታየው ይህንኑ ነበር የምትለው፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ «ትናንት በሩ ላይ ለቆመው ምን ሰጠኸው?» ትለኝ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለማኙ ገንዘቡን አመጣ፣ ጣቢያው ዳነ። ፍሌቸርንስ ያዋረደው ማን ነው?

እሱ ቴክኒሺያኑ ነው።

ስሙ ፋይሎ ይባላል። ነጭ ጋውን ለብሶ ከጣቢያው ጓዳ የማይወጣ መሐንዲስ ነው፤ ሽቦ፣ ብልቃጥ፣ መብራት ውስጥ ነው የሚኖረው። ጆርጅ ጣቢያውን ሲረከብ ፋይሎ ቀድሞም እዚያው ነበር። ማን እንደቀጠረው፣ መቼ እንደመጣ የሚናገር የለም። ኋላ ላይ ለእሱም ፕሮግራም ይሰጡታል፤ ቤት ውስጥ ከሚገኝ ዕቃ ፕሉቶኒየም እንዴት እንደሚሠራ በረጋ መንፈስ ያስተምራል። መጨረሻ ላይ፣ ፍሌቸር የከተማውን ሰው እንዴት እንደሚንቅ ሲሳደብ በድብቅ ይቀርጸውና በራሱ በፍሌቸር ጣቢያ ላይ ይለቅበታል። ሰዉ ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ ሥራው እንዳለቀ ተናግሮ ብርሃን ሆኖ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ለካ ከሌላ ፕላኔት ነው የመጣው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይስቅና ያልፋል። «ጨረሱት፣ ሐሳብ አለቀባቸው» ይላል። እኔም ሳቅሁ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ይኼ የመጨረሻው ሰው ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«ፋይሎ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስም ነው እንጂ መሪጌታ፣ ምን ማለት ይሆናል?»

«ጠይቅ እንግዲህ» አሉና ስልካቸውን ከቻርጀሩ ነቅለው ሄዱ። 34 በመቶ ላይ ነበር።

ጎጃም ውስጥ ቅኔ የማያውቅ የለም ይባላል። ውሸት ነው፣ እኔ አላውቅም። መሪጌታ ግን ዋሸራ የተማሩ ናቸው። በእሳቸው ቤት ወርቅ ዝም ብሎ አይፈለግም፣ ከኅብረ ቃሉ ነው የሚወጣው፤ ሰሙንም ወርቁንም የተሸከመች አንዲት ቃል ግጥሙ ውስጥ መገኘት አለባት። ያቺን ሳታሳይ «ወርቁ ይኼ ነው» ብትል የኔታ ያስቀምጡሃል። የህልሙን ነገር ስነግራቸው ያሉኝም ይህንኑ ነው፤ «ቃሉ የታል?»

ቃሉን ፈልጌ አገኘሁት። እኔስ በሙያዬ ማወቅ ነበረብኝ፣ ያሳፍራል።

ፋይሎ የሚለው ስም የተወሰደው ከፋይሎ ፋርንስዎርዝ ነው። ቴሌቪዥንን በኤሌክትሮን የሠራው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1906 ዩታ ውስጥ ተወለደ፣ ኋላ አይዳሆ የገበሬ ልጅ ሆኖ አደገ። የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የድንች ማሳ ላይ በፈረስ እያረሰ ነበር። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሲያይ ትልሞቹ ጎን ለጎን፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድረዋል። ሐሳቡ የመጣለት እዚያ ላይ ነው ይባላል። ምስልን እንዳለ በአንድ ጊዜ መላክ አይቻልም፤ ግን እንደ ማሳ በትልም በትልም ከፍሎ፣ ትልሞቹን ተራ በተራ ልኮ፣ ወዲያ ማዶ መልሶ ቢደረድራቸውስ? ለኬሚስትሪ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየው።

ይህን ሳነብ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ብድግ አልኩ። እኔ የአራሽ ልጅ ነኝ። እርፍ ጨብጫለሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቴሌቪዥን ከፍቻለሁ፣ ሁለቱን ግን አንድም ቀን አገናኝቼ አላውቅም።

የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን በትክክል እንደዚያ ነው የሚሠራው። በእኛ አገር የድሮ ስርጭት ምስሉ 625 ትልም ነበር። የኤሌክትሮን ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ ያርሳል፣ አንድ ትልም እየዘለለ እስከ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ከላይ ተመልሶ የዘለላቸውን ይሞላል። ይህን በሰከንድ 25 ጊዜ። ከበሬ የሚለየው አንድ ነገር አለ። በሬ ማሳው ጫፍ ሲደርስ ዞሮ እያረሰ ይመለሳል። ጨረሩ ግን ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ባዶውን ነው ወደ ግራ የሚበረው፣ እየተመለሰ አያርስም። ያ ባዶ በረራ በእንግሊዝኛ ፍላይባክ ይባላል። እኛ ሠሪዎች «ፍላይባኩ ተቃጥሏል፣ ይህን ያህል ያስከፍላል» ስንላችሁ የምታኮርፉበት ዕቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ካኮረፋችሁ አይቀር ምን እንደሆነ እወቁት ብዬ ነው።

ፋርንስዎርዝ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1927 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመጀመሪያውን ምስል ላከ። ምን መሰላችሁ የላከው? የሰው ፊት አይደለም። አንዲት መስመር። ቀጥ ያለች መስመር ብቻ።

ያቺን መስመር አውቃታለሁ! ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ሲሞት፣ ምስሉ በሙሉ ተጨፍልቆ መሃል ላይ አንዲት የምታበራ መስመር ትቀራለች። ድምፁ ይሰማል፣ ምስል የለም። ስንቱ ሰው «ቴሌቪዥኔ ክር ሆነ» እያለ ተሸክሞ መጥቷል።

አንዷን ክር እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሐምሌ 5 ቀን 1990 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ የፈረንሳይና የብራዚል የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣ የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ቀን። ሰዉ ሥጋ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ውጭ ዝናብ ነው። ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል አዳራሽ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ጋቢና ካፖርት እየተነነ፣ ጨዋታው 20 ደቂቃ ያህል እንደሄደ ምስሉ እጥፍ አለና ክር ሆነ። ጩኸቱን ተዉት። «ሬዲዮ ሠሪው የታል?» ተባለ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፣ ትከሻ ለትከሻ አሻገሩኝ።

አጠፋሁት። ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታሁ። አንድ ልጅ ባትሪ ያበራልኛል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቱቦው ጠፍቶም ቢሆን ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፣ መጀመሪያ እሱን ማፍሰስ አለብህ፤ ጠጅ የጠጣ ሰው ደግሞ ጀርባህ ላይ ተደግፎ «ቶሎ በል እንጂ ወንድምዓለም!» ይልሃል። ብየዳው የተሰነጠቀበትን እግር ፈልጌ በሶልደር ነካሁት። ይህን ስሠራ ማዶ ካለው ቤት ጩኸት መጣ። ዚዳን በጭንቅላቱ አግብቷል። ከፈትኩት፣ አሁንም ክር። ለካ የነካሁት ሌላ እግር ነው። ድምፁ ግን አለ። ዘጋሁ፣ እንደገና ነካሁ፣ ከፈትኩ፣ ምስሉ ተዘረጋ፣ አዳራሹ ፈነዳ። እኔ ገና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነኝ፣ ካቻቢቴ በአፌ፣ ዚዳን በጭንቅላቱ ሁለተኛውን አገባ። የሁለት መቶ ሰው ፊት አየሁ። ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚያየው፣ ማንም ግን እኔን አያይም።

ባለቤቱ አንድ ቢራ ሰጠኝ። ሰዉ ያመሰገነው እሱን ነው፤ «ቴሌቪዥኑን አሠራልን» ብለው።

እንግዲህ ፋርንስዎርዝ ምን እንደደረሰበት ስሙ። ትልቁ የሬዲዮ ኩባንያ አርሲኤ ፈጠራው የእኛ መሐንዲስ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረው። ጉዳዩ ሲታይ ያ የልጅነት መምህሩ መጥቶ ልጁ ሰሌዳ ላይ የሣለለትን ሥዕል አስታውሶ መሰከረለት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ረታቸው፤ በ1939 አርሲኤ ለፈቃዱ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ግን ጦርነቱ መጣ፣ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ የፈጠራ መብቱ ጊዜ አልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ ቀረበ፤ ታዋቂ ሰዎች እየጠየቁ የእንግዳውን ምስጢር የሚያወጡበት ነው። ምስጢሩ «ቴሌቪዥንን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» የሚል ነበር። ማናቸውም አላወቁትም። 80 ዶላርና አንድ ካርቶን ሲጋራ ተሸልሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ቴሌቪዥንን የሠራው ሰው ቴሌቪዥን ላይ ቁጭ ብሎ የሚያውቀው ጠፋ። ከሌላ ፕላኔት እንደመጣ ሰው ማለት ነው።

አሁን ፊልሙን መልሳችሁ እዩት። ትልቅ ጣቢያ ትንሹን ሊውጥ ነው። ጓዳ ውስጥ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ፋይሎ የሚባል ሰው አለ። ይህ ሰው ትልቁን በገዛ ማሰራጫው ይጥለዋል። የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ፍሌቸር አርሲኤ ነው፣ ፋይሎ ደግሞ ያልተከፈለውን ሒሳብ ሊሰበስብ የመጣው ፋርንስዎርዝ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው የሞተው፣ ፊልሙ ከ18 ዓመት በኋላ መጣ። ያንኮቪችና ሌቪ ይህን ሁሉ አስበውበት ነው ብዬ አልምልም። ስሙን ለመሐንዲሱ ሲሰጡት ግን የማን ስም እንደሆነ ያውቁ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼኛው ትንሽ ጠጅ ጠጅ ይላል። የፊልሙን ስም ማንም አይጠይቅም። ዩኤችኤፍ የሞገድ ስም ነው። በድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ2 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች ቪኤችኤፍ ናቸው፤ ሀብታሞቹ ጣቢያዎች እዚያ ነበሩ፣ ቻናል 8ም እዚያ ነው። ከ14 እስከ 83 ያሉት ዩኤችኤፍ ናቸው። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው ቴሌቪዥን ዩኤችኤፍ መቀበያ እንኳ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ሕግ ወጥቶ ነው ከ1964 ጀምሮ የሚመረት ሁሉ እንዲኖረው የተደረገ። እና 62 ማለት በጣም ጥግ፣ ሰው እጁን የማይሰድበት ቦታ ነው። እኛም እኮ እናውቀዋለን። ረጅም ባሕር ዛፍ ላይ አንቴና ሰቅለን፣ አንዱ ግንዱን እያዞረ፣ አንዱ ከቤት በመስኮት «ትንሽ! ትንሽ! ኧረ አለፈ፣ መልሰው!» እያለ አይደል ያደግነው።

ታዲያ በዚያ ዩኤችኤፍ መሃል፣ ቻናል 37 ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ የለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከከዋክብት የሚመጣውን ሞገድ ለሚያዳምጡ ሳይንቲስቶች ተትቷል። ከሌላ ፕላኔት መጥታችሁ ቤተሰባችሁን በሬዲዮ ልታገኙ ብትፈልጉ የት ሰፈር ነው የምትከራዩት? እኔ ዩኤችኤፍ ውስጥ ነው የምከራየው። መሪጌታ ይህንን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ይኼኛው የአንተ ነው፣ ኅብር የለውም» አሉ። እሺ፣ ይቅር።

የፋይሎን ስም ግን ተቀበሉት። ከዚያ ቀና ብለው ሱቄ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡና «አንተስ?» አሉኝ። «ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሠሪ» ይላል፣ የእህቴ ልጅ ነው በቀይ ቀለም የጻፈው። «ሠሪ። የፈጠረውንም ሠሪ፣ የጠገነውንም ሠሪ። እንግሊዞቹ እንዲህ ያለ ቃል አላቸው?» አሉኝ። የላቸውም መሰለኝ። መሪጌታ ለአንድ ሳምንት በዚህ ተደስተው ከረሙ።

የአዲስ አበባው ወንድሜ፣ ቅር አይበልህ። ህልሙን ይዘህ ቆይ፣ ግን ፋይሎን አስገባበት። እህቴም ለማኙን አልነካብሽም።

ደብዳቤው ረዘመ። የቦታ ችግር ካለባችሁ የቻናል 37ቱን ቁረጡት፣ መሪጌታም አልወደዱትም። የዓለም ዋንጫውንም ብትቆርጡት ምንም አይደለም። ስሙን ግን በትክክል አትሙልኝ፤ ፋይሎ ነው፣ በ«ፋ»። «ፊሎ» እንዳትሉት። «አንድ ቴክኒሺያን»ም እንዳትሉት።

አሁን አንድ ገበሬ ከደምበጫ በኩል ጌታቸውን የመሰለ አሮጌ ባለ 21 ኢንች ተሸክመው መጥተዋል፤ በገብስ ማዳበሪያ ጠቅልለውታል። «አያ፣ ክር ሆነብኝ» ይላሉ። ልክፈተው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሠሪው
ከፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም